ከጨርጨር ማሳ እስከ ጄኔቭ አዳራሽ፦ የበጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የሕይወት ጉዞ

ነሐሴ 30 ቀን 1927 ዓ.ም. በስዊዘርላንዷ ጄኔቭ ከተማ የመንግሥታት ማኅበር ምክር ቤት ተሰብስቧል። በዋዜማው የጣሊያን መልእክተኛ ባሮን አሎይዚ ረጅም የክስ መዝገብ አቅርቦ ነበር። የመዝገቡ ፍሬ ነገር ኢትዮጵያ ባሪያ የምትፈነግል፣ ገባሯን የምታስጨንቅ፣ ያልሠለጠነች አገር ስለሆነች ከሌሎች መንግሥታት ጋር እኩል መቀመጥ አይገባትም የሚል ነው። በማግሥቱ የኢትዮጵያ ጠበቃ የነበሩት ፈረንሳዊው የሕግ መምህር ጋስቶን ዤዝ መልስ መስጠት ሲጀምሩ አሎይዚ ከመቀመጫው ተነሥቶ አዳራሹን ለቅቆ ወጣ።

በኢትዮጵያ ወንበር ላይ የተቀመጡት መልእክተኛ ግን ከቦታቸው አልተነሡም። ዕድሜያቸው ሃምሳ አንድ ነው። በልጅነታቸው ለዐድዋ የዘመተውን ሠራዊት ተከትለዋል፤ በሩሲያ የመድፈኛነት ትምህርት ተምረዋል፤ የአገሪቱን የመጀመሪያ የጽሑፍ ሕገ መንግሥት አርቅቀዋል፤ ጨርጨርንም አስተዳድረዋል። ስማቸው በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ይባላል። ብዙዎቻችን የምናውቃቸው ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት በሚለው ማዕረግ ነው።

ይህን ታሪክ በወላይታ ሶዶ ተቀምጬ ለወላይታ አንባቢ ስጽፍ መሸሸግ የማልፈልገው ነገር አለ። የጣሊያን ክስ ዓላማው ወረራ ቢሆንም ከውስጡ የተቀላቀለው እውነት ቀላል አልነበረም። የካዎ ጦና መንግሥት በ1887 ዓ.ም. በምኒልክ ጦር ከተሸነፈ በኋላ የወላይታ ገበሬ ገባር ሆኖ ኖሯል። መንግሥት ለሹሙና ለወታደሩ ደመወዝ ስለማይከፍል በደመወዝ ፈንታ ገባር ይመድብለት ነበር። ገባሩ እህልና ማር ይሰጣል፤ እንጨት ይለቅማል፤ የሹሙን ማሳ ያርሳል፤ አጥር ያጥራል። የባሪያ ንግዱም ቢሆን በደቡብ አያቶች ዘንድ የተረሳ ታሪክ አይደለም። እንግዲህ በዚያ አዳራሽ የተቀመጡት ሰው አገራቸውን ከወራሪ ሲከላከሉ፣ አገራቸው በገዛ ገበሬዋ ላይ የምታደርሰውን በደልም ያውቁ ነበር። ማወቅ ብቻም አይደለም፤ በሥልጣን ላይ ሳሉ ያንን ለማረም ከሞከሩት ጥቂት ሹማምንት አንዱ ነበሩ። የሕይወታቸውን ታሪክ ለገጠር አንባቢ ማቅረብ ተገቢ ሆኖ ያገኘሁትም በዚህ ምክንያት ነው።

ተክለ ሐዋርያት በ1876 ዓ.ም. በሰሜን ሸዋ ሰያ ደብር በሚባል ስፍራ ተወለዱ። እንደ ዘመኑ ልጆች ሁሉ ፊደል የቆጠሩት በቤተ ክህነት ትምህርት ቤት ነው። ገና በልጅነታቸው ከትውልድ ቀያቸው ወጥተው ሐረር ገቡ፤ በዚያም በራስ መኰንን ቤት አደጉ። የሐረሩ ገዢ ራስ መኰንን የውጭውን ዓለም ሁኔታ በቅርብ ከሚከታተሉት መኳንንት አንዱ ነበሩ፤ ወደ ጣሊያንም በመልእክተኛነት ተልከው ያውቃሉ። ልጁ ስለ ውጭ አገር የሰማው በእሳቸው ቤት ሳይሆን አይቀርም።

የዐድዋ ዘመቻ በ1888 ዓ.ም. ሲነሣ ተክለ ሐዋርያት ዐሥራ ሁለት ዓመት እንኳ አልሞላቸውም፤ ነገር ግን የራስ መኰንንን ጦር ተከትለው ዘመቱ። ከድሉ በኋላ ራስ መኰንን ልጁን ሌዎንቲዬቭ ለሚባል ሩሲያዊ አደራ ሰጥተው ለትምህርት ወደ ሩሲያ ላኩት። ከሰያ ደብር የወጣው የቆሎ ተማሪ በሴንት ፒተርስበርግ የመድፈኛ መኰንኖች ትምህርት ቤት ገባ። በሩሲያ ከዐሥር ዓመት በላይ ሲቀመጥ ቋንቋውን እንደ አገሬው ተናገረ፤ የመኰንንነት ማዕረግም አገኘ።

እዚህ ላይ ከታሪኩ ጥቂት ወጣ ብዬ ስለ ሌላ ሰው ላንሣ። ልጁ ወደ ሰሜን በተጓዘበት ሰሞን፣ በ1889 ዓ.ም.፣ ከካሪቢያን ባሕር ደሴት ከሃይቲ የተነሣ አንድ ሰው ወደ አዲስ አበባ መጣ። ስሙ ቤኒቶ ሲልቫን ነው፤ ጋዜጠኛ፣ የሕግ ሰውና ዲፕሎማት ነበር። ሃይቲ ባሮች በገዛ ትግላቸው ጌቶቻቸውን ድል ነሥተው በ1804 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነፃ መንግሥት ያቆሙባት አገር ናት። ሲልቫን የዐድዋን ወሬ ሰምቶ ምኒልክን ለማየት ያን ሁሉ ባሕር አቋረጠ። ከጥቂት ዓመት በኋላ ጥቁር ሕዝቦች በለንደን ባደረጉት የመጀመሪያው የፓን አፍሪካ ጉባኤ ላይ ሃይቲን ብቻ ሳይሆን ኢትዮጵያንም ወክሎ ተቀመጠ። ሃይቲ በዚህ ታሪክ ውስጥ ተመልሳ ትመጣለችና አንባቢ ስሟን ይያዝልኝ።

ተክለ ሐዋርያት ሩሲያ ሳሉ ያዩት አንድ ታላቅ ነገር አለ። በ1896 እና በ1897 ዓ.ም. ጃፓን ሩሲያን በጦርነት ድል አደረገች። እስያዊት አገር የአውሮፓን ኃያል መንግሥት ስታሸንፍ፣ በተሸናፊው አገር የጦር ትምህርት ቤት የሚማር አፍሪካዊ ወጣት ምን እንደተሰማው መገመት አያዳግትም። ጃፓን ከአርባ ዓመት ባነሰ ጊዜ ውስጥ ትምህርቷን፣ ጦሯን፣ ግብሯንና ሕጓን ለውጣ ነው እዚያ የደረሰችው። በኋላ ዘመን የታሪክ ሊቃውንት የዚያን ትውልድ ለውጥ ፈላጊ ምሁራን ጃፓንን አርአያ ያደረጉ ሲሉ ይጠሯቸዋል። ተክለ ሐዋርያት ከእነዚያ ምሁራን ግንባር ቀደሙ ናቸው።

ወደ አገር ቤት ሲመለሱ ምኒልክ ታመው፣ ቤተ መንግሥቱም በሽኩቻ ተወጥሮ ነበር። አማርኛቸው እንኳ በሩሲያ ኑሮ ብዛት ደክሞባቸው እንደ ባዕድ ይታዩ ነበር ይባላል። ብዙም ሳይቆዩ እንደገና ወደ አውሮፓ ሄደው የእርሻ ትምህርት ተከታተሉ። የመድፍ መኰንን የነበረ ሰው ስለ አፈርና ስለ ዘር ለመማር መቀመጡ ለእኔ ከሕይወታቸው ሁሉ የበለጠ የሚገርም ነገር ነው። በእርሻ ኮሌጅ ዲፕሎማዬን ስይዝ የውጭ አገር የእርሻ ሊቃውንትን ስም ሸምድጃለሁ፤ የእሳቸውን ስም ግን አንድ ቀን እንኳ አልሰማሁም። እሳቸውን ያገኘሁት ከተመረቅሁ በኋላ፣ በራሴ ንባብ ነው።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ዓመታት በአጭሩ ልለፋቸው። በልጅ ኢያሱ ዘመን በአዲስ አበባ በልዩ ልዩ ሥራ ላይ ተመድበው አገለገሉ። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ኢያሱ ከሥልጣን ሲወርዱ ተክለ ሐዋርያት ከአውራጆቹ ወገን ነበሩ። በዚያው ዘመን ጅጅጋን አስተዳደሩ፤ የከተማዋ መንገዶች ቀጥ ብለው፣ በአራት ማዕዘን ተከፋፍለው እንዲቀየሱ ያደረጉት እሳቸው እንደሆኑ ይነገርላቸዋል።

በዚህ መካከል አንድ ቲያትር ጽፈዋል። ፋቡላ፣ የአውሬዎች ኮሜዲያ ይባላል። እንስሳት እየተነጋገሩ የሹማምንትን ጉቦኝነት፣ ስንፍናና አድርባይነት የሚያጋልጡበት ተረት መሳይ ጨዋታ ነው። ኢትዮጵያዊ ጸሐፊ በዘመናዊ መልክ የጻፈው የመጀመሪያው ተውኔት በመባል ይታወቃል። መኳንንቱ ቲያትር የሚባለውን ነገር አያውቁትም ነበር፤ የተባለው ነገር ግን ገባቸው። ተውኔቱ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ታገደ። በእንስሳት አፍ መናገር ለእኛ አገር እንግዳ አይደለም፤ የገጠር ሽማግሌ ሹሙን መንቀፍ ሲፈልግ ስለ ጅብና ስለ አህያ ያወራል። ተክለ ሐዋርያት የሽማግሌውን ዘዴ ወደ መድረክ አወጡት፤ ቅጣቱ ግን ዝምታ ሆነ።

ለገበሬ አንባቢ ከሁሉ የሚበልጠው ምዕራፍ ጨርጨር ነው። ጨርጨር ዛሬ ምዕራብ ሐረርጌ በምንለው አካባቢ የሚገኝ፣ ቡና የሚበቅልበት ተራራማ አገር ነው። በ1910ዎቹ አጋማሽ አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ ተክለ ሐዋርያትን የዚህ አገር ገዢ አድርገው ሾሟቸው። ጨርጨር ሞዴል አውራጃ እንዲሆን ታሰበ፤ ማለትም አዲሱ አስተዳደር በአንድ ቦታ ተሞክሮ ከበጀ ወደ ሌላው እንዲስፋፋ። ዛሬ በግብርና ጽሕፈት ቤቶች ሞዴል አርሶ አደርና ሞዴል ቀበሌ እያልን የምንጠራው አሠራር ያኔ በአውራጃ ደረጃ ተሞክሮ ነበር ማለት ይቻላል።

የሐሳቡ መሠረት ለዛሬ ሰው ተራ ነገር ይመስላል። መሬቱ ተለክቶ ይታወቅ፤ ገበሬው የሚከፍለው ግብር አስቀድሞ ይወሰን፤ ሹሙ ከገባሩ እጅ እየቀማ ሳይሆን በደመወዝ ይደር። ያኔ ግን ይህ ቀላል ለውጥ አልነበረም። ግብሩ ካልተወሰነ ሹሙ የፈለገውን ይጠይቃል፤ ገበሬው ብዙ ባመረተ ቁጥር ብዙ ይወሰድበታል። ስለዚህ ብልህ ገበሬ ማምረት ያቆማል፤ ቢያመርትም ይደብቃል። ግብሩ ከታወቀ ግን የተረፈው የራሱ ነውና ቡናውን ይተክላል፤ እርከኑንም ይሠራል። እኔ በወላይታ ቀበሌዎች እየዞርኩ ስዘግብ የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር የያዘ አርሶ አደር ድንበሩን በእጁ እያሳየ ሲናገር ድምፁ እንደሚለወጥ አስተውያለሁ። ማሳው ከአንድ ጥማድ ያነሰ ቢሆንም እንኳ እንዲሁ ነው።

አሰበ ተፈሪ የምትባለው ከተማ፣ ዛሬ ጭሮ የምንላት፣ በእሳቸው አስተዳደር ዘመን ተቆረቆረች። ስሟ የወጣው ከአልጋ ወራሹ ስም ነው። ከእሳቸው በኋላ ጨርጨርን ያስተዳደሩት ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ናቸው። እንደ ዕድል ሆኖ በ1927 ዓ.ም. የጣሊያን ጉዳይ ሲጦፍ አንደኛው የጨርጨር ገዢ በጄኔቭ፣ ሁለተኛው በለንደን የኢትዮጵያ መልእክተኞች ሆነው ተገኙ። ኢትዮጵያ ከዓለም ፊት የቆመችው የገበሬውን ግብር ለማስተካከል በሞከሩ ሁለት ሰዎች መሆኑ በታሪክ መጻሕፍት ብዙ ሲወሳ አላየሁም።

ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1923 ዓ.ም. ከነገሡ በኋላ ተክለ ሐዋርያት የገንዘብ ሚኒስትር ሆኑ። በጅሮንድ የሚለው ማዕረግ የመጣውም ከዚሁ ነው፤ በጥንቱ ሥርዓት የንጉሡን ግምጃ ቤት የሚጠብቅ ሹም በጅሮንድ ይባል ነበር። በዚሁ ዓመት ሕገ መንግሥት እንዲያረቅቁ ታዘዙ። እሳቸውም በወጣትነታቸው ድሏን ወደ ሰሟት አገር ዞሩ። በፈረንጆች 1889 የወጣውን የጃፓን ሕገ መንግሥት መሠረት አድርገው በሰባት ምዕራፎችና በሃምሳ አምስት አንቀጾች የተዋቀረ ሰነድ አዘጋጁ። ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. ሰነዱ በንጉሠ ነገሥቱና በመኳንንቱ ፊት ተነብቦ ተፈረመ፤ ትርጉሙንም ለጉባኤው ያብራሩት እሳቸው ናቸው።

ሕገ መንግሥቱ ለገበሬው ምን አመጣለት? በቅንነት ከታየ ወዲያውኑ ያመጣለት ብዙ ነገር የለም። የንጉሠ ነገሥቱን ሥልጣን የማይደፈር አደረገው። የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባላትን ንጉሡ ከመኳንንቱ መካከል ይሾማሉ። የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላት ደግሞ ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪበቃ ድረስ በመኳንንትና በአገር ሹማምንት ይመረጣሉ ተባለ። ሕዝቡ በድምፁ የመረጠው ከሃያ ስድስት ዓመት ገደማ በኋላ ነው። የሰነዱ ትልቁ ኃይል ያረፈው በመሳፍንቱ ላይ ነበር። አውራጃቸውን እንደ ርስት ለልጅ ልጅ ማውረስ ይሹ የነበሩት ታላላቆች ሥልጣን ከማዕከል የሚሰጥ መሆኑን በጽሑፍ እንዲፈርሙ ተደረገ። ረቂቁን ያዘጋጁት ሰው ከዚህ በላይ መሄድ ፈልገው ይሆናል፤ የተፈቀደላቸው ግን ይኸው ነው። በእኔ አስተያየት ግን ሕግ በጽሑፍ ሰፍሮ ሹምም ንጉሥም በአንድ ሰነድ ፊት እንዲቀርቡ መደረጉ በራሱ ትንሽ እርምጃ አይባልም።

ከዚህ በኋላ ወደ ፓሪስ በሚኒስትርነት ተላኩ፤ በጄኔቭም የኢትዮጵያ ወኪል ሆኑ። ኢትዮጵያ የመንግሥታት ማኅበር አባል የሆነችው መስከረም 17 ቀን 1916 ዓ.ም. ነበር። ለመግባት ስትጠይቅም የባሪያ ንግድን እንድታጠፋ ቃል አስገብተዋታል። የማኅበሩ ዋና ቃል ኪዳን ደግሞ የአንዱ አባል አገር ነፃነት ሲነካ ሌሎቹ ዝም እንዳይሉ ነው። አንድ ቀበሌ ሲቃጠል ሁሉም ውኃ ይዞ እንዲወጣ እንደሚስማማ የመንደር ማኅበር ብለን ልናስበው እንችላለን።

እሳቱ የተነሣው ኅዳር 26 ቀን 1927 ዓ.ም. በኦጋዴን በወልወል ጉድጓዶች አጠገብ ነው። ወልወል ከድንበሩ ብዙ ወደ ውስጥ ገብቶ በኢትዮጵያ ምድር ያለ የውኃ ስፍራ ሲሆን የጣሊያን ጦር ሰፍሮበት ነበር። በግጭቱ የብዙ ሰው ሕይወት ጠፋ። ሙሶሊኒ ካሳና ይቅርታ ጠየቀ። ኢትዮጵያ ደግሞ ታኅሣሥ 25 ቀን ጉዳዩን ለማኅበሩ አመለከተች፤ በመጋቢት ወርም አቤቱታዋን በሌላ አንቀጽ አጠናክራ አቀረበች። ወረቀቶቹ የሚያልፉት በተክለ ሐዋርያት እጅ ነው።

ያን ዓመት የሠሩት ሥራ አድካሚ ነበር። ጉዳዩ ከኮሚቴ ወደ ኮሚቴ፣ ከቀጠሮ ወደ ቀጠሮ ሲንከባለል ጣሊያን በኤርትራና በሶማሊያ ወታደር ታራግፍ ነበር። ብሪታንያና ፈረንሳይ ለሁለቱም ወገን መሣሪያ አንሸጥም አሉ። ይህ ውሳኔ ለዓይን እኩልነት ይመስላል፤ ጣሊያን ግን መሣሪያዋን ራሷ ትሠራለች፣ ኢትዮጵያ ደግሞ ካልገዛች የላትም። አንዱ ጎተራው ሙሉ፣ ሌላው ባዶ ሆኖ ሳለ ለሁለቱም እህል አይሸጥ ብሎ እንደ መፍረድ ነው። ነሐሴ 28 ቀን የወልወልን ግጭት የመረመረው የግልግል ጉባኤ ከሁለቱ ወገኖች ጥፋተኛ የሚባል የለም ብሎ ወሰነ። ሙሶሊኒ ሰበብ ያደረገው ነገር በሕግ ፊት ባዶ ሆኖ ቀረ። በማግሥቱ ጣሊያን ስለ ወልወል መናገሩን ትታ ኢትዮጵያ ባሪያ ሻጭ ናት የሚለውን መዝገብ ያወጣችው እንግዲህ በዚህ ምክንያት ነው። ወልወልን ስታጣ ገባሩን አነሣች።

ይህ ለተክለ ሐዋርያት ከሁሉ የከበደ ክርክር ሳይሆን አይቀርም። በደሉን መካድ ውሸት ነው፤ ማመን ደግሞ ለወራሪው በር መክፈት ነው። የኢትዮጵያ ወገን የያዘው መከራከሪያ ጉባኤው የተሰበሰበው የአንዲት አገር የውስጥ አስተዳደር ምን ያህል መልካም እንደሆነ ለመመርመር ሳይሆን አንድ አባል ሌላውን ሊወር መሆኑን ለመከልከል ነው የሚል ነበር። ባርነትን የሚከለክል አዋጅ በ1916 ዓ.ም. መውጣቱና ለውጡ መጀመሩም ማስረጃ ሆኖ ይቀርብ ነበር። እኛ ደግሞ ዛሬ ላይ ሆነን የዚያን አዋጅ አፈጻጸም ቀርፋፋነት መናገር እንችላለን። ነገር ግን ገባሩን ነፃ ለማውጣት በመርዝ ጋዝ የሚመጣ ነፃ አውጪ የለም። ጠበቃው ዤዝም ቢሆኑ ኢትዮጵያን በመደገፋቸው ብቻ በፓሪስ የራሳቸው ተማሪዎች ረብሸው እንዳያስተምሩ አድርገዋቸዋል።

በዚያው ሰሞን በጄኔቭ አዳራሽ ከተነሡት ድምፆች አንዱ ከሃይቲ መጣ። ወኪሏ ጄኔራል አልፍሬድ ኔሙር የጦር ሰውና የታሪክ ጸሐፊ ነበሩ። አገራቸው ሃይቲ ራሷ ለዐሥራ ዘጠኝ ዓመት በአሜሪካ ወታደሮች ተይዛ ቆይታ ነፃ ከወጣች ገና አንድ ዓመቷ ነው። ኔሙር ለተሰበሰቡት መንግሥታት ያሳሰቡት ነገር ዛሬ በኢትዮጵያ ላይ የሆነው ነገ በማንኛውም አገር፣ ታላቅም ይሁን ታናሽ፣ ነጭም ይሁን ጥቁር፣ ሊደርስ እንደሚችል ነው። ቤኒቶ ሲልቫን ወደ ምኒልክ ከመጣ ሠላሳ ስምንት ዓመት ሆኖት ነበር። ከኃያላኑ ያልተገኘው ቃል ከዚያች ትንሽ ደሴት ተገኘ።

መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር መረብን ተሻገረ። ወላይታ ጊፋታን ከሚያከብርበት ሰሞን ብዙም አይርቅም። ማኅበሩ ጣሊያንን ወራሪ ብሎ ፈረደ፤ ማዕቀብም ጣለ። ከማዕቀቡ ግን ነዳጅ ቀረ፤ የስዊዝ ቦይም አልተዘጋም። ታንኩና አውሮፕላኑ የሚንቀሳቀሰው በነዳጅ፣ ወታደሩ የሚያልፈው በስዊዝ ነው።

ተክለ ሐዋርያት በወረቀት የሚቻለው እንዳለቀ ሲያዩ የፓሪሱን ሥራ ትተው ለመዋጋት ወደ አገራቸው ተመለሱ። ሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ግን ጦሩ ተፈትቶ ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ውጭ ለመሄድ ሲወስኑ በጽኑ ከተቃወሙት አንዱ ሆኑ። ንጉሥ አገሩን ጥሎ መሄድ የለበትም የሚል አቋም ነበራቸው። ንጉሡን የያዘው ባቡር ወደ ጅቡቲ ያለፈው እሳቸው ያስተዳድሩት ከነበረው ከጨርጨር ተራሮች ግርጌ ነው። በእነዚያ ቀናት በመካከላቸው የተከፈተው ክፍተት ከዚያ በኋላ አልተደፈነም። ሆኖም ብዙ ሳይቆይ ራሳቸው ተክለ ሐዋርያትም ድንበር ተሻግረው ወጡ። ይህን ማነፃፀር ለሚወዱ ሰዎች ትልቅ ነጥብ ነው፤ እኔ ግን ጦሩ በፈረሰበት፣ መንገዱ ሁሉ በጠላት እየተያዘ ባለበት ሰዓት የወጣን ሰው ሶዶ ከተማ ላይ ቁጭ ብሎ መውቀስ ይከብደኛል።

ስደታቸው በጅቡቲና በዓደን አድርጎ ማዳጋስካር ደረሰ። ሃያ ዓመት ገደማ ቆዩ። ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው በጄኔቭ ቆመው ሲናገሩ እሳቸው በዚያ አልነበሩም። ሶዶ በጣሊያን እጅ ስትወድቅ፣ በግንቦት 1933 ዓ.ም. ነፃ ስትወጣም እሳቸው ከባሕር ማዶ ናቸው። የገነቡት ሕገ መንግሥት ተሽሮ በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሲተካም በአርቃቂነት የተጠራቸው የለም። ብዙ ስደተኛ ከድል በኋላ ወዲያው ሲመለስ እሳቸው የዘገዩት ከቤተ መንግሥቱ ጋር በነበራቸው ቅሬታ ነው።

በዚህ መካከል ልጃቸው ግርማቸው ተክለ ሐዋርያት አድጎ ደራሲና ዲፕሎማት ሆኗል። በ1941 ዓ.ም. ያሳተመው አርአያ የተሰኘው ልብ ወለድ ባለታሪኩ በፈረንሳይ የእርሻ ትምህርት ተምሮ ወገኑን ለመርዳት የሚመለስ ወጣት ነው። ወጣቱ ቢሮክራሲው እንዴት እንደሚያደክመው ለማየት መጽሐፉን ማንበብ ይበቃል። ከእርሻ ኮሌጅ የወጣን ሰዎች ስናነበው እንስቃለን፤ ሳቃችን ግን ሙሉ አይደለም። አባት የኖሩትን ልጅ በልብ ወለድ ጻፈው ብዬ ብናገር ከእውነት የራቅሁ አይመስለኝም።

በ1940ዎቹ መገባደጃ ተክለ ሐዋርያት ወደ አገራቸው ተመለሱ። ዕድሜያቸው ሰባ አልፏል። ሹመት አልያዙም፤ ከተማም አልተቀመጡም። ወደ ጨርጨር ተመልሰው በሒርና ማረስ ጀመሩ። ሃያ ዓመት ያህል ከአዝመራ ወደ አዝመራ እየተሻገሩ በዚያው ኖሩ። የሕይወታቸውንም ታሪክ በጽሑፍ አስቀመጡ፤ መጽሐፉን ከሞቱ ሦስት ዐሥርት ዓመታት ገደማ ቆይቶ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ አሳተመው።

መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ሲወርዱ ሽማግሌው በሕይወት ነበሩ። የካቲት 25 ቀን የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት እንዲሆን አዋጅ ወጣ፤ በወላይታም በጨርጨርም የገባርና የጭሰኛ ስም አበቃ። በወጣትነታቸው መሬት ተለክቶ ግብሩ ይወሰን ያሉት ሰው፣ በዘጠና ዓመታቸው አዋጁ ከእሳቸው ሐሳብ እጅግ ርቆ ሲሄድ አዩ። በሚያዝያ 1969 ዓ.ም. በዘጠና ሁለት ዓመታቸው አረፉ።

ከአዲስ አበባ ወደ ሐረር የሚሄድ መንገደኛ ጭሮን ሲያልፍ በዳገቱ ላይ የተደረደረውን ቡናና ጫት እያየ ይጓዛል። ጥቂት ቆይቶ መንገዱ ሒርና ይገባል።